ኦሌ የተባረረው በኅዳር ሚካኤል ነበር

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ላይ፣ ጦርነቱ ከደሴ ከወጣ በኋላ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለው ኳስ የምናይበት ቤት በሩ ሲከፈት ቀድመው ከገቡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሁለቱም ቴሌቪዥኖች የሉም። ዲኮደሩም የለም። አግዳሚ ወንበሮቹ ግማሾቹ ተፈልጠው ማገዶ ሆነዋል። በሩ አጠገብ የሚሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ግን ከነጽሑፉ እዚያው አለ። ሰሌዳ ለማን ምን ያደርግለታል? በጠመኔ የተጻፈው እንኳ አልደበዘዘም።

«ቅዳሜ ማታ 1፡30 ቶተናም ከ ማንቼ»

የቤቱ ባለቤት የቡድን ስም አስተካክሎ ጽፎ አያውቅም። ብንነግረውም «ገብታችሁ የለ?» ነው መልሱ።

ቅዳሜ የተባለው ጥቅምት 20 ነው። ያን ቀን ደሴ የነበረ ሰው ቅዳሜው ምን እንደሚመስል ያውቀዋል፤ ላልነበረ ደግሞ እዚህ ላስረዳው አልሞክርም። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ከዚያ የሆነው ሆነ። ለንደን ላይ ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ የእኛ ማንቼ፣ ቶተንሃምን 3 ለ 0 አሸነፈ። ሮናልዶ፣ ካቫኒ፣ ራሽፎርድ። ቶተንሃም ሰኞ ዕለት አሰልጣኙን ኑኖ ኤስፒሪቶ ሳንቶን አሰናበተ፤ ማክሰኞ አንቶኒዮ ኮንቴን ቀጠረ። እኛ ይህን ሁሉ የሰማነው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ታዲያ ስለ አሰልጣኝ መከራከር አቁመን ነበር? በፍጹም። እንዲያውም ከመቼውም ጊዜ ይልቅ የተከራከርነው ያኔ ይመስለኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ቅዳሜ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። እሑድ ጥቅምት 14፣ ማንቼ በሜዳው ከሊቨርፑል። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ከተማው ራሱ ሞልቶ ነበርና። ከቆቦ፣ ከወልዲያ፣ ከመርሳ የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቶቹን ሞልቶ በየዘመዱ ቤት ተጠጋግቶ ነበር። በር ላይ ገንዘብ የሚሰበስበው ልጅ ከተፈናቃይ አይቀበልም፤ የባለቤቱ ትእዛዝ ነው። «ተፈናቃይ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ስንለው «ጫማውን አያለሁ» አለን።

በእረፍት 4 ለ 0 ነበር። ከእረፍት መልስ ሳላህ ሦስተኛ ጎሉን አክሎ 5 አደረሰው። ፖግባ ተቀይሮ ገብቶ ሩብ ሰዓት ተጫውቶ በቀይ ካርድ ወጣ። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሲስቅ የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ከወልዲያ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ በነጠላ ጫማው የገባ የሊቨርፑል ደጋፊ። አምስተኛው ሲገባ ብድግ ብሎ ጨፈረ። ከዚያ ፊታችንን ሲያየው አፈረ መሰለኝ፣ ቁጭ ብሎ «አብሽሩ፣ ኳስ እኮ ነው» አለን። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው እኛን ሲያጽናና ማንም ቃል አልመለሰለትም። ንዴታችን ነበራ!

ጨዋታው አልቆም ሰው አልተበተነም። በሩ ላይ፣ ከዚያ መንገዱ ላይ፣ ከዚያ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ክርክሩ ቀጠለ። አሰልጣኛችን ኦሌ ጉናር ሶልሻየር ይቀየር በሚለው ላይ ያን ማታ ብዙም ልዩነት አልነበረም። ማን ይተካው ነው ጥያቄው። ኮንቴ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ በዚያው ዓመት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021፣ ኢንተር ሚላንን የጣሊያን ሻምፒዮን አድርጎ ነው የወጣው፤ ከዚያ በፊት ቼልሲን። «ኮንቴ ይምጣና ያንቀጥቅጣቸው» የሚለው ወገን በረታ። ሌላው «ዚዳን» ይላል፤ ከሪያል ማድሪድ ጋር በ2016፣ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ ሦስት ቻምፒዮንስ ሊግ የወሰደ ሰው እያለ ስለ ማን እናወራለን ባይ ነው። አንዱ ደግሞ «ፈርጉሰን ራሱ ይመለስ» አለ። ስንስቅበት ተቀየመ፤ ከልቡ ነበር።

እኔ የኮንቴ ወገን ነበርኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ሲናደድ ደስ ይለኛል። ሌላ ምክንያት የነበረኝ አይመስለኝም። አሰልጣኝ የምንመርጥበት መስፈርት ቢጻፍ ያሳፍራል፦ መስመሩ ላይ የሚጮህ መሆን አለበት፣ ስሙ ከባድ መሆን አለበት፣ ቢቻል ራሱ ተጫውቶ ያለፈ ይሁን። የማናውቀው ስም ከመጣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብለን እናጣጥላለን። አርሴዎች፣ የአርሰናል ደጋፊዎቹ፣ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ ያነሱብናል፤ ቬንገር በ1996 ከጃፓን ሲመጣ እንግሊዞችም «ማነው እሱ?» ብለው ነበርና። ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ በ2003/04 ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ።

ለነገሩ እኛ የማንቼ ደጋፊዎች እዚህ ሙያ ላይ ልምድ አለን። ሚያዝያ 30 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ፈርጉሰን ጡረታ እንደሚወጣ በተነገረ ዕለት ተማሪ ነበርኩ፤ ያን ቀን ክፍል ውስጥ አስተማሪው ምን እንዳስተማረን አላስታውስም። 26 ዓመት፣ 13 የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ። አሰልጣኝ የሚባል ነገር የሚቀየር ዕቃ መሆኑን አናውቅም ነበር። ከዚያ ሞየስ የስድስት ዓመት ውል ፈርሞ መጣና በ10 ወሩ ተባረረ። ቫን ኻል በ2016 የኤፍኤ ዋንጫ ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። ሞሪንሆ ሁለት ዋንጫ አምጥቶ፣ ሁለተኛ ወጥቶ፣ በታኅሣሥ ሄደ። እያንዳንዱ ሲሄድ እኛ ፒያሳ ላይ ጉባኤ ተቀምጠን የሚቀጥለውን ሾመናል። አንድም ጊዜ የሾምነው ሰው መጥቶ አያውቅም፤ ሞሪንሆን ካልቆጠርነው። እሱንም ሳንጨርስ ጠላነው።

ስለ ሞየስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ። መጋቢት 2014 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ማንቼ ከአስቶን ቪላ ሲጫወት ሞየስ ይውጣ የሚል ጨርቅ የጎተተ አውሮፕላን በኦልድ ትራፎርድ ሰማይ ላይ ዞረ። ገንዘብ አዋጥተው የተከራዩት ደጋፊዎች ናቸው። እኛ እዚህ ሆነን በደስታ አጨበጨብን፤ እንዲያውም አንዱ «ለእኛም ቢነግሩን እናዋጣ ነበር» አለ። ስታዲየም ውስጥ ያለው ሕዝብ ግን አውሮፕላኑን አንቋሸሸው፤ ለሰውየው አጨበጨበለት። አሰልጣኙ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ የሚያዩት ሰዎች እነሱ ናቸው። ያኔ «እንግሊዞች ሞኝ ናቸው» ብዬ ነበር።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ሳላይሽ ነው የምንኖረው። በዚያ ጥቅምትና ኅዳር እናቴ «ከቤቴ አልወጣም» ስላለች እኔም ቀረሁ። ግቢው ውስጥ እኛ፣ ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ ከነቤተሰቡ፣ እና ከጓሮ በኩል ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ነበርን። ጡረተኛውን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የሰፈር ሰው ያውቀዋል፣ ሌላው ባያውቀው አይጎዳም። ድሮ የስፖርት መምህር ነበሩ። አሰልጣኝም ነበሩ። ይህን ሁለተኛውን ማንም አያነሳባቸውም።

ቀኑ ረጅም ነው። ውሃ መቅዳት፣ ዱቄት ማፈላለግ፣ በር ዘግቶ መቀመጥ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሳይወርድ እናቴ ቡና ታፈላለች። ቡናው እያነሰ ሲሄድ ገብስ ቆልታ ቀላቀለችበት፤ በመጨረሻው ሳምንት ገብሱ በዝቶ ቡናው ለስም ብቻ ቀረ። እንዲያም ሆኖ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አልቀረም። ወሎ ውስጥ ሦስተኛው ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቀይሟል።

ሬዲዮ አለን፤ የእናቴ ነው። ችግሩ ድንጋዩ ነው። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር የቀረን፤ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ማታ ትንሽ ይተነፍሳል። እናቴ የጦርነቱን ዜና ብቻ ሰምታ ትዘጋዋለች። «እማዬ፣ ስፖርቱን አንድ ደቂቃ» እላታለሁ። «ስፖርት ይብላህ» ትለኛለች፣ ጠቅ። ስንት ማታ የኦሌ ወሬ ከጣቷ ሥር አምልጦን ይሆን?

ወሬ ስላጣን ጨዋታዎቹን በአፍ ተጫወትናቸው። የማንቼን መርሐ ግብር በቃሌ ስለማውቅ፣ ከቶተንሃም ቀጥሎ ማንቸስተር ሲቲ፣ ከሲቲ ቀጥሎ ዋትፎርድ መሆኑን እናውቃለን። ቅዳሜ በመሰለን ቀን ቁጭ ብለን ውጤት እንሰጣለን። ልብስ ሰፊው የአርሴ ደጋፊ ስለሆነ ቶተንሃምን በ2 ለ 1 አሸነፋችሁ አለኝ፤ ለእኔ አዝኖ ሳይሆን ቶተንሃምን ስለሚጠላ። ሲቲ 3 ለ 1 አሸነፈን። ለዋትፎርድ ስንደርስ ያለ ምንም ክርክር 3 ለ 0 አሸነፍን ብለን በከሰል የኩሽናው ግድግዳ ላይ ጻፍን። (ዛሬም አለ፤ እናቴ በኖራ ልትቀባው ብላ ረስታዋለች።)

ከዚያ ወደ ዋናው ነገር። ኦሌ አለ ወይስ የለም?

«ወላሂ ተባሯል!» ይላል ልብስ ሰፊው። «በሜዳው 5 ገብቶበት ማን ያስቀምጠዋል? ኮንቴ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንቱ ነው።»

«ቶተንሃምን አሸንፎ የለ?»

«ያሸነፈው እኮ በእኔ አፍ ነው!»

ተወራረድን። እሱ ኮንቴ ማንቼ ገብቷል ብሎ አንድ ሱሪ ሊሰፋልኝ፣ እኔ አልገባም ብዬ አንድ ኪሎ ስኳር ልገዛለት። ስኳር ያኔ ከየት እንደሚገዛ ሁለታችንም አናውቅም። ሁለታችንም ያላወቅነው ሌላ ነገር ደግሞ ኮንቴ ውላችንን ሳንጨርስ፣ እኛ ያሸነፍነው ቶተንሃም ጋ መግባቱ ነበር።

ልብስ ሰፊው ከተወራረድን በኋላ ነገሩን ገልብጦ ለኦሌ ጠበቃ ሆነ። ይህ የአርሴ ደጋፊዎች ባሕርይ ነው፣ በሌላው ክለብ ላይ ትዕግሥት መስበክ ይወዳሉ። «እኛ አርቴታን አላየኸንም? በነሐሴ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ተሸንፎ፣ በሲቲ 5 ለ 0 ተቀጥቅጦ፣ የደረጃው ግርጌ ላይ ቁጭ ብሎ ጠብቀነዋል» አለኝ። «እናንተ ጠበቃችሁት? አንተ ራስህ ያን ቀን ማስነጠፊያህን ሰብረህ የለም?» አልኩት። ማስነጠፊያ ያልኩት ሜትሩን የሚዘረጋበትን እንጨት ነው። ሰብሯል፤ አይቻለሁ። ዝም አለ፣ ከዚያ «እኔ ሰበርኩ፣ ክለቡ ግን ጠበቀ» አለ። እውነቱን ነው። ያን ሰውዬ ቢያባርሩት ኖሮ በኋላ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሁለተኛ የወጣውን ቡድን ማን ይሠራው ነበር? ዋንጫውስ የት አለ ብለን ደግሞ እኛ እናበሽቃቸው ነበር፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋሼ በዚህ ሁሉ ውስጥ ቡናቸውን ይዘው ዝም ነው። አንዳንዴ ፈገግ ይላሉ። የማንም ደጋፊ አይደሉም፤ ኳስ ግን ይወዳሉ።

ኅዳር 12 ማታ ነው። በሌላ ዓመት ቢሆን ኅዳር ሲታጠን ከተማው በሙሉ ጭስ በጭስ ይሆናል፤ በየደጁ ቆሻሻው ተጠርጎ ይቃጠላል። ያን ዓመት ደጅ ወጥቶ እሳት የሚያነድ የለም። እናቴ ግን ሚካኤልን እንዴት እንዲሁ አሳልፈዋለሁ ብላ፣ ግቢውን ጠርጋ፣ በአሮጌ ጣሳ ውስጥ አንድ እፍኝ ደረቅ ቅጠል አጨሰች። ያቺን ጭስ ከበን ቁጭ ብለን እኔና ልብስ ሰፊው ለስንተኛ ጊዜ ኦሌን አሰናብተን ኮንቴንና ዚዳንን እያማረጥን ሳለ፣ ጋሼ ድንገት፣

«ግን ማን ይነግረዋል?» አሉ።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«መባረሩን። ማን ነው የሚነግረው?»

አላሰብንበትም። ኃላፊዎቹ ይነግሩታላ፣ አልናቸው።

«እኔን ማንም አልነገረኝም» አሉ።

እሳቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን ያሠለጥኑ ነበር። የትኛው እንደሆነ ልተወው፤ ቡድኑም አሁን የለም። አንድ ማክሰኞ፣ እንደ ወትሮው ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ኳሶቹን በመረብ ተሸክመው ሆጤ ሜዳ ሲደርሱ፣ ልጆቹ ተሰልፈው በሌላ ሰው ፊት ሰውነት ያሟሙቃሉ። አዲሱ አሰልጣኝ አይቷቸው አንገቱን ደፋ። እሱም ጥፋተኛ አይደለም፣ እሳቸው ያውቃሉ ብሎ ነበር። ልጆቹ ግን አይተዋቸዋል።

«ምን አደረጉ ታዲያ?» አላቸው ልብስ ሰፊው።

«ዕቃ እንደረሳ ሰው ኪሴን ደባበስኩ፤ ደባበስኩና ተመለስኩ።» እጃቸው የካፖርታቸውን ኪስ ሲደባብስ አየሁ፤ ሲያወሩልን እያደረጉት ነበር። «ኳሶቹን ግን ይዣቸው ነበር። ቤት ከገባሁ በኋላ ትዝ አለኝ። ማታ አንድ ልጅ ልከው አስወሰዱ። የሁለት ወር ደሞዜን ግን እስከ ዛሬ ልጅ አልላኩበትም።»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ሳቄ አልተመቸኝም፣ ምክንያቱም ያን ሰሞን ከሆጤ ሜዳ አልጠፋም ነበር።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ቢሆነኝ ነው። የሰፈር ልጆች አጥሩ ላይ ተደርድረን ነው የምናየው፤ ከዚያ ላይ ሆነህ የምትናገረው ሁሉ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ጋሼ ከመባረራቸው በፊት የነበረው ጨዋታ ነው፣ ወይ ከዚያ በፊት ያለው። ግራ መስመር ላይ የምንወደው ልጅ ነበር፣ እግሩ ላይ ኳስ የሚጣበቅ። በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ እሱን አስወጥተው፣ ኳስ ከነኩት የሚያመልጠውን ደካማውን ልጅ አስገቡ። ተጠባባቂው ላይ ደግሞ ጎበዝ አጥቂ ተቀምጧል፣ ሁላችንም እናየዋለን። ያን ጊዜ አበድን። «ይቀየር! አሰልጣኙ ይቀየር!» እያልን አጥሩን በእግራችን ደበደብነው። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። የሰፈሬ ሰው መሆናቸውን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» የምላቸው ሰው ናቸው። ቡድኑ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ጋሼ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩንም።

በጭሱ ዙሪያ ያን ማታ ለምን እንደጠየቅኳቸው አላውቅም። ጨለማ ስለነበረ ይሆናል። «ጋሼ፣ ያን የግራ መስመሩን ልጅ አስወጥተው ያን ደካማውን ያስገቡበት ጨዋታ ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው።

«እንዴት አይለኝ!»

«ለምን ነበር ግን?»

«አንተ ልጅ፣ እኔ 16 ተጫዋችና 11 ታኬታ ነበረኝ» አሉኝ። «የሚወጣው አውልቆ ለሚገባው ይሰጠዋል። ልጁ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ መቆም አቅቶታል። ጫማው 39 ነው። አጥቂው 43 ያደርጋል። ወንበሩ ላይ 39 የሚያደርገው ያ አንድ ልጅ ብቻ ነበር።» ከዚያ ትንሽ ቆዩና፣ «ሰው ቅያሪ ሲያይ ስም ያያል። እኔ እግር ነበር የማየው» አሉ።

ልብስ ሰፊው በሳቅ ፈረሰ። እኔም እንዳልቀር አብሬው ሳቅሁ። አጥሩ ላይ እንደነበርኩ አልነገርኳቸውም። ያውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ጠይቄያቸውም አላውቅ።

ኅዳር 27 ከተማችን ነፃ ወጣች ተባለ። ኔትወርክ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ እያለ ነው። ስልኬ መጀመሪያ ሲሠራ የመጣው የዘመድ መልእክት ነው፤ ሞተሃል ወይ፣ አለህ ወይ የሚል። እሱን መልሼ ስጨርስ ወደ ኳሱ ሄድኩ። አላፍርበትም።

በከሰል የጻፍነው አንድም አልያዘም። ሲቲ 2 ለ 0 አሸንፎናል። ዋትፎርድ ደግሞ 4 ለ 1። ያለ ክርክር 3 ለ 0 ያሸነፍነው ዋትፎርድ! የተሸነፉት ቅዳሜ ኅዳር 11 ነው፣ ኦሌ በማግስቱ እሑድ ተሰናበተ። ቀኑን ወደ እኛ ቆጥሬ ሳመጣው ኅዳር 12 ሆነ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። እኛ ጣሳዋን ከበን ጋሼ ስለ ፊሽካቸው በሚያወሩበት ማታ ኦሌ ቤቱ ገብቶ ነበር። ምትኩን እያማረጥን ያመሸነው ወንበሩ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

ውርርዱን ማንም አልበላ። ኮንቴ ማንቼ አልገባምና ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ልብስ ሰፊው ግን «አንተ ኦሌ አልተባረረም ብለህ ነው የተወራረድከው» ብሎ ድርቅ አለ። አላልኩም። ሱሪውን እስከ ዛሬ እየጠየቅኩት ነው።

ኳስ ቤቱ በተዋሰ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ክርክሩም አብሮ ተከፈተ። ኦሌን የተካው ራንግኒክ ጊዜያዊ ስለነበር ቋሚው ማን ይሁን በሚለው እስከ ፋሲካ ተጨቃጨቅን፤ ፖቼቲኖ ወይስ ቴን ሃግ። ቴን ሃግ መጣ፣ ሁለት ዋንጫ አገኘ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ተባረረ። አሞሪም ከስፖርቲንግ ሊዝበን መጣ፣ ቡድኑ ያን ዓመት በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። በእያንዳንዱ ጉባኤ ላይ እኔም ነበርኩ፤ ጨዋ ሆኛለሁ ብዬ አልዋሽም። ያን የ15ኛውን ዓመት «ይሂድልን!» ብዬ የጮህኩበት ቀን አለ፣ ጮኼ ስጨርስ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ጫማ አየሁ እንጂ። ሆጤ ሜዳ ግን ደሴ ከተማ ሲጫወት አልፎ አልፎ እሄዳለሁ፤ እዚያ መጮህ እምቢ ብሎኛል። አሰልጣኙ እኮ ሲጨርስ በእግሩ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፣ ነገ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ታገኘዋለህ፣ ሚስቱ ከእናትህ ጋር አንድ ዕድር ናት። ኦሌን ማባረር እንዴት ቀላል ነበር!

ኦሌ የስንብት ቃለ ምልልስ ሰጥቶ ነበር። ያኔ ታኅሣሥ ላይ፣ በሚንቀራፈፈው ኢንተርኔት ቪዲዮውን እንደምንም አወረድኩትና ወደ ጋሼ ጓሮ ሄድኩ። መብራት ገና አልተስተካከለም፣ ስልክ የሚሞላው በገንዘብ ጄኔሬተር ያለው ሰው ዘንድ ነው። ጋሼ ፀሐይ ላይ በዱካ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጣሉ።

«ጋሼ፣ ኦሌ ተባሯል» አልኳቸው።

«መቼ?»

«በኅዳር ሚካኤል። ያን ማታ።»

መቁረጫውን አስቀመጡ። ስልኩን አቀበልኳቸው። እንግሊዝኛው እየፈጠነባቸው ነው መሰለኝ ድምፁን ትተው ፊቱን ነበር የሚያዩት። ሰውየው ሲናገር ይቆምና ይውጣል፣ ዓይኑ ውሃ ያቀራል።

«ይሄን ያነሱት የት ነው?»

«ክለቡ ነው የቀረጸው፣ በራሱ ቴሌቪዥን።»

«ካባረሩት በኋላ?»

«አዎ።»

«እንዲናገር ፈቀዱለት?» አሉ። ከዚያ «እስቲ ድገመው።»

ደገምኩት። ሦስተኛ ሊደግሙት ነው ብዬ ስጠብቅ ስልኩን መለሱልኝ። «ዝጋው፣ ቻርጅህ ያልቅብሃል።»

የተካው ራንግኒክ የሚባል ጀርመናዊ መሆኑን ነገርኳቸው። የመጀመሪያ ጨዋታውን ክሪስታል ፓላስን 1 ለ 0 አሸንፏል፣ ኅዳር 26፣ እዚህ በማግስቱ ነፃ ወጣን ሲባል።

«ማን አገባ?»

«ፍሬድ።»

«በየትኛው እግሩ?»

ይህን ማን ይጠይቃል? ማስታወስ ስላልቻልኩ ጎሉን ፈልጌ ከፈትኩት። ቻርጁ 9 በመቶ ነበር። ከሳጥኑ ጫፍ ላይ፣ በቀኙ፣ ጠምዝዞ።

ጋሼ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «እሱ ግራኝ አልነበር እንዴ?» አሉኝ።